የገዛ ልጄን ሰረቅህ ተብዬ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መውጫ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቁስሉ ሽሯል። ነገሩ ግን ከቤታችን አልወጣም፤ ልጆች ይዛችሁ ሰው ወደሚበዛበት የምትሄዱ ወላጆች ብታነቡት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስሜ ታደለ ነው። ኮልፌ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የምበይድበት አነስተኛ ቤት አለኝ። የምንኖረው በባለቤቴ በገነት እናት ግቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ሜላት ያኔ አራት ዓመት አልፏት ነበር፤ ትንሹ ናሆም ገና ጡት አልተወም።

በግቢው ያለ ሁሉ፣ አማቴም፣ የገነት ወንድሞችም፣ ተከራዮቹም «ታዴ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ሜላትም አፏን ስትፈታ የሰማችውን ይዛ ታዴ አለችኝ። አማቴ «አባቴ በይ እንጂ» ስትላት ትስቃለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ቅር ብሎኝ አያውቅም። በሰፈራችን አባቱን በስሙ የሚጠራ ልጅ ብዙ ነው።

የፌስቲቫሉን ወሬ ያመጣችው ገነት ናት። ቀን ላይ የሚደረግ፣ ለቤተሰብ የተዘጋጀ የሙዚቃ ዝግጅት ነው፣ ልጆች በነፃ ይገባሉ አለችኝ። እኔ ግፊያ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ጠባዬም ቶሎ ቱግ የሚል ነው። ልጆቹ ግን ክረምቱን ሙሉ በዝናቡና በጭቃው ምክንያት ከቤት አልወጡም። «አንድ ቀን እንኳ ከእናት ከአባታቸው ጋር ይዝናኑ» ስትለኝ እሺ አልኩ።

ለበዓል የታዘዘ በር ስበይድ አምሽቼ ስለነበር ጠዋት ስነሳ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ገነት አይታኝ «አንተን ያየ ሰው ጫት ላይ ያደረ ነው የሚልህ» ብላ ሳቀችብኝ። ሜላትን ግን አሳምራ አለበሰቻት፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራቻት። ስልኬን ሌባ እንዳይወስድብኝ ብዬ ገነት ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ቦታው ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ሜዳ ነው። ስንገባ ደስ የሚል ነገር ነበር። ሰዉ ሁሉ ልጅ ይዟል። ፊኛ የሚሸጥ፣ አይስክሬም የሚሸጥ፣ ልጆች የሚዘሉበት በአየር የተነፋ ትልቅ መጫወቻ አለ። ሜላት ትከሻዬ ላይ ሆና አጎቶቿ ያስተማሯትን እስክስታ ስትመታ አጠገባችን የነበሩ ሰዎች አጨበጨቡላት። መምጣታችን ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከምሳ በኋላ ገነት የናሆምን ዳይፐር ልትቀይርለት ወደ መጸዳጃው ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። በዚህ መሃል ትልቁ ባንድ መድረክ ላይ ወጣ። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ድምፅ ማጉያዎች ከቤታችን ጣሪያ ይረዝማሉ። የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ ለኔ ለትልቁ ሰውዬ እንኳ ደረቴን ሰንጥቆ የገባ መሰለኝ። ሜላት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ከትከሻዬ አወረድኳት፣ አቀፍኳት፣ አባበልኳት። ጩኸቷ ባሰ። ወዲያው ደግሞ ካፊያ ጀመረ።

ገነትን በዓይኔ ፈለግኳት፣ አጣኋት። ከበሩ ውጪ ጸጥ ያለ ቦታ ይዣት እጠብቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ጃኬቴን አውልቄ ከነራሷ ሸፈንኳትና ሰዉን እየገፋሁ መውጣት ጀመርኩ። ሜላት እናቷን ጥለን የምንሄድ መሰላት። «እማዬ! እማዬ ጋ! ታዴ ልቀቀኝ!» እያለች ሆዴን በእግሯ ትመታለች። እኔም እንዳትወድቅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

ግማሽ መንገድ ስደርስ ሙዚቃው ተቋረጠ። መድረክ መሪው አንዲት አራት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ጠፍታለች፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ የሚያጠራጥር ነገር ያየ ለጥበቃዎች ይንገር አለ። በዚያ ሰሞን ልጅ ይሰረቃል የሚል ወሬ በየሰፈሩ ይናፈስ ነበር። የማን ልጅ ትሆን ብዬ አዘንኩ። ሜላትንም ይበልጥ አጥብቄ ያዝኳት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን መሆኑ አልገባኝም።

በሩ አጠገብ ስደርስ አንዲት ሴት ፊቴ ቆመች።

«ወንድም፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

በጥሩ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን ዝናቡም ጩኸቱም አናቴ ላይ ወጥቷል። «የራሴ ልጅ ናት። ዞር በይልኝ» አልኳት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፤ የኔ አነጋገርም አያያዝም የሌባ ሆነ።

እሷ ሳትመልስ አንድ በኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ተጠጋ። ትንሽ ወንድ ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጧል። ጃኬቴን ከሜላት ፊት ላይ ገለጥ አደረገው።

«ማሚዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አላት።

«ታዴ» አለች እያለቀሰች።

«አባትሽ ነው?»

ሜላት ፊቷን አዙራ «እማዬን» አለች።

«አባቷን በስሙ ትጠራለች እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ሌላዋ «ዓይኑን እዩት» ስትል ሰማሁ። እናቷ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ላይ ናት፣ ስልኬ እሷ ጋ ነው፣ አብረን እንሂድና ጠይቋት እያልኩ ነበር። የሰማኝ የለም።

ያ ሰውዬ ልጁን ከትከሻው አወረደና ለሚስቱ ሰጣት። ዝናብ እንዳይነካው ኮፍያውን ሳብ ሲያደርግለት አይቼዋለሁ። «ያዢልኝ» አላት። ከዚያ መጥቶ ፊቴን በቡጢ መታኝ።

ሜላትን ከእጄ ነጠቁኝ። ማን እንደወሰዳት አላየሁም። መሬት ላይ ወደቅኩ። የጥበቃ ሠራተኛው መጣ፤ ሊያስጥለኝ ነው ስል ቀበቶዬን ይዞ እንዳልነሳ ተጫነኝ። ከዚያ ቀበቶና ጫማ ብቻ ነው የማየው። እዚያ የነበሩት ዱርዬዎች አይደሉም። ልጆቻቸውን ሊያዝናኑ የመጡ አባቶችና እናቶች ናቸው። አንዲት ሴት በዣንጥላ ስትመታኝ በሌላው እጇ ፊኛ ይዛ ነበር።

መሞቴን አምኜ ነበር። ግን እንደዚያ ሆኜ ያቃጠለኝ ዱላው አይደለም። ልጄ በማላውቀው ሰው እጅ ገብታለች። በዚያ ግርግር አንዱ በእውነት ይዟት ቢሄድ የሚጠይቀው የለም፤ ሰዉ ሁሉ ሌባውን ይዘናል ብሎ እኔ ላይ ነው። «ልጄን ማን ያዛት?» እያልኩ እጮህ ነበር። አፌ ደም ስለሞላ ቃሉ አይወጣልኝም።

ለካ የያዘቻት ያቺ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሴት ናት። ስሟ ሀዋ ይባላል። ኮልፌ ልብስ ትነግዳለች፣ እሷም ልጆቿን ይዛ ነው የመጣችው። ሜላትን አቅፋ ከግርግሩ ፈቀቅ አለችና እንደ ሰዉ «አባትሽ ነው?» አላለቻትም።

«ታዴ ማታ የሚተኛው የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኛ ቤት» አለች ሜላት። «ከእማዬ ጋ።»

ሀዋ «አባቷ ነው፣ ተዉት» ብላ ጮኸች። ማንም አልሰማትም። እንግዲህ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ በጊዜው ያወቅኩት አንድ ሰው ላዬ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ሀዋ ሜላትን አብራት ለመጣችው ለራሷ እህት ሰጥታ ሰዉን ሰንጥቃ ገብታ በላዬ ተደፋች። ሻርፗ ከራሷ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። «አላህን ፍሩ፣ የልጅቷ አባት ነው፣ እኔን ምቱኝ» ትላለች። ለኔ የተሰነዘረ እርግጫ ትከሻዋን አገኛት። ሴት መመታቷን ሲያዩ ነው የቆሙት።

ትንሽ ቆይቶ ገነት ናሆምን አዝላ፣ ሰው ተሰብስቦ አይታ መጣች። መጀመሪያ የሜላትን ድምፅ ነው የሰማችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። የዚያን ጊዜ ያሰማችውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ስልኩን አውጥታ ፎቶዎቻችንን ለሰዉ እያሳየች «እዩ፣ እዩ፣ አባቷ ነው» ትላለች። የሚያይላት አልነበረም። ሰዉ እየተንሸራተተ ሄዷል። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይቅርታ ልጄ፣ ለሕፃኗ ተብሎ ነው» አሉኝ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ መልሶ ወደ መድረኩ ሲሄድ ጀርባውን አየሁት።

ሜላትን ልይዛት እጄን ስዘረጋ ፊቴን አይታ ሸሸችኝ። ሀዋ ቀሚስ ውስጥ ገባች። አልፈርድባትም፣ ፊቴ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። ያኔ የጠፋችው ልጅ አያቷ ጋ ተገኘች ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሜዳው ሙሉ አጨበጨበ። እኔ በሀዋ ሻርፕ አፍንጫዬን ይዤ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሙዚቃውም ቀጠለ።

ቤቴል አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ጎድኔ ተሰንጥቋል ተባልኩ፣ የላይኛው የፊት ጥርሴም ወጥቷል። አዲስ ዓመትን አልጋ ላይ ዋልኩ። ለፖሊስ ለምን አላመለከትክም የሚሉኝ አሉ። ማንን ብዬ? የመታኝ አንድ ሰው አይደለም። ገሚሱ ወዳጄም «ሰዉ ምን ያድርግ፣ ለልጅ ተቆርቁሮ ነው» ይለኛል። እውነት ነው። ያቺ የጠፋችው ሜላት ብትሆን፣ ሌላ ሰው እንደዚያ የሚያለቅስ ልጅ ሸፍኖ ሲወጣ ባይ፣ ዝም ብዬ አላሳልፈውም። ይህን ባውቅም ንዴቴ አልበረደም። መጠየቅና መግደል አንድ አይደሉም። አንዲት ሴት ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ ካገኘች ሌላውም ማግኘት ይችል ነበር።

አማቴ እኔ ከተመታሁ ጀምሮ ሜላትን በመጣ በሄደ «አባቴ በይው» እያለች ታስጨንቃታለች። ሀዋ ቤተ ዘመድ ሆናለች፣ በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ትከሻዋን ብርድ ሲሆን ያማታል።

ሜላት ያን ቀን አንስታ አታወራም። እኛም ልጅ ነች ትረሳዋለች ብለን ተውናት። ቤት ውስጥ ትጫወታለች፣ ጀርባዬ ላይ ትወጣለች፣ ደህና ነች ብለን ነበር።

ሰሞኑን ከአስኮ፣ ከእህቴ ቤት፣ እኔና እሷ ብቻ በታክሲ ስንመለስ ረዳቱ ሲዘጋው በሩ ጣቷን ያዘው። ድምፅ አላሰማችም። ያወቅኩት እጄን ስትጨምቀኝ ነው። ጣቷ ጠቁሯል፣ ደም ያቆረ ይመስላል። ከንፈሯን ነክሳ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። የምታየው እኔን አይደለም። አንድ በአንድ ተሳፋሪውን ነው የምታየው። ረዳቱ ደንግጦ «ጎበዝ ልጅ፣ አታለቅስም» አላት።

ቤት ገብተን በሩን ስዘጋው ጩኸቷን ለቀቀችው። ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። ጣቷን በቀዝቃዛ ውሃ ይዤላት ሲቀልላት «ታክሲ ውስጥ ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት።

«ሰዎቹ ይመቱሃላ» አለችኝ።

ልጄ እስካሁን «ያስመታሁት እኔ ነኝ፣ ስላለቀስኩ ነው» ብላ ይዛ ኖራለች። ዱላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም፣ ይቅርም አልልም።

አሁን መንገድ ላይ ስትወድቅ ጎንበስ ብዬ «አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ማንም አይመታኝም» እላታለሁ። ቀና ብላ የሚያልፈውን ሰው ታያለች። ከዚያ ጉልበቷን አራግፋ ዝም ብላ ትሄዳለች።