የጠበሉ ጉትቻ

ስርጉት ከልጅነቷ ተጸያፊ ነበረች። ሳንጃ ከተማ እናቷ ቤት ሳለች ዝንብ የገባበትን ወተት ሙሉውን ለውሻ ትደፋ ነበር። ጎረቤት የሰጣትን ቆሎ ሳይቀር አበጥራ፣ ደግማ ቆልታ ነው የምትቆረጥመው። «ይህች ልጅ ውሃውንም አጥባ ትጠጣለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ተድራ ወደ መተማ ከወረደች በኋላም አመሏ አልተዋትም። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ላቡን በመዳፉ ጠርጎ ሲያልፍ፣ እሷ ወገቧ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ሸጉጣ ትዞራለች። ጨርቁን ማታ በሳሙና ታጥበዋለች፤ ጠዋት ሌላ ትይዛለች።

እግዜር ደግሞ ለእንዲህ ያለችው ሴት የሰጣት ሥራ የወንዝ ጭቃ መዳበስ ሆነ።

ባሏ ምንይችል ኮኪት አካባቢ በሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበር። አንድ ክረምት ትራክተሩ ከዋልካው ላይ ተንሸራቶ ሲገለበጥ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ፤ ወገቡም ተጎዳ። ተርፎ ተነሣ። ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ጎንበስ ማለት ግን አይችልም። ቀና ብሎ የሚሠራ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንድ ሱዳናዊ ወርቅ ቆፋሪ ከድንበሩ ወዲያ ይዞት የመጣውን ጂሃዝ አየ። ወርቅ ፈላጊውን መሣሪያ በዚያ አገር ጂሃዝ ነው የሚሉት። ምንይችል ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር የዓመቱን ሰሊጥ ሰጥቶ ወሰደው።

ጂሃዙ ረጅም ዘንግ ነው። ከታች ትሪ የሚያህል ክብ ሰሃን አለው፤ ከላይ ባትሪ የሚገባበት ሳጥን፤ ከሳጥኑ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ ይወጣል። ሰሃኑ መሬቱን በኤሌክትሪክ ቶሎ ቶሎ እየመታ በየመሐሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከሥር ብረት ነክ ነገር ካለ መልስ ይመጣለታል፤ ያኔ ማዳመጫው ይጮኻል። ሌሎቹ ጂሃዞች የጓንግ ወንዝ ጥቁር አሸዋ ላይ ሲደርሱ ያለ ምክንያት እንደ እብድ ይለፈልፋሉ። ይኸኛው ለጥቁር አሸዋ ቁብ የለውም፤ ውሃ ውስጥ ቢነከርም አይደነግጥም። ነገር ግን ወርቁን ከሚስማሩ አይለይም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይጮኻል። ሱዳናዊው ሲያስረክብ ጣቱን ወደ መሬት ቀስሮ «ኩሉ! ኩሉ!» ብሎ ነበር፤ ሁሉንም ቆፍር፣ አንዱንም አትለፍ ማለቱ ነው።

ሁሉንም የምታወጣው ታዲያ ስርጉት ነበረች።

በበጋ ጓንግ ይጎድልና እዚህም እዚያም ኩሬ ይሆናል። ምንይችል እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሰሃኑን ከአሸዋው በላይ ግራና ቀኝ ያንሸራትተዋል። ሲጮኽለት ይቆምና «እዚህ» ይላል። ስርጉት በተበሳሳ አካፋ ዝቃ ወንፊቱ ላይ ትገለብጣለች፤ ከድንጋይ ሥር ከሆነ እጇን እስከ ብብቷ ትሰዳለች። ውሃው ለብ ያለ ነው። የከብት አፍ ውስጥ እጅ እንደ መስደድ ያለ ነገር ነው፤ ሙቅ፣ አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ። የሚወጣውም የጥይት ቀለህ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የዛገ ምላጭ፣ አብጦ የፈነዳ ባትሪ፣ ሆዱ ውስጥ አልቅት የተለጠፈበት የሰርዲን ቆርቆሮ። አንድ ቀን የውሻ ሰንሰለት ጎትታ አወጣች፤ ውሻውም አብሮ መጣ። ያን ዕለት እህል በአፏ አልዞረም።

ከሁሉ የሚከፋት ግን መንከሱ ነበር። ቢጫ ነገር ሲወጣ ወርቅ ይሁን ነሐስ በጥርስ ነው የሚለየው፤ ወርቅ ለጥርስ ይለዝባል፣ ነሐስ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል። ምንይችል የሚነክስበት ጥርስ የለውም። ስለዚህ ስርጉት ከቤት በጀሪካን ባመጣችው ንጹሕ ውሃ ዕቃውን አጥባ፣ ዓይኗን ጨፍና ትነክሳለች። ነክሳ ተሳስታ አታውቅም። ከነከሰች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ስትተፋ ትውላለች።

የሚወጣውን ጥቂት ነገር የሚገዛቸው ጌች ነበር። ጌች የምንይችል ሚዜ ነው፤ ከተማ ውስጥ አሮጌ ጌጣጌጥ እየገዛ፣ እያስጸዳ ይሸጣል። ስንት ዘመን አልፎም ስርጉትን «ሙሽራዬ» ማለቱን አልተወም። ግንቦት ሲያልቅ፣ ሰማዩ መዳመን ሲጀምር አንድ ከሰዓት ቤታቸው መጣ።

«ሙሽራዬ፣ ጥርስሽ ደኅና ነው?»

«ካንተ ምላስ ይሻላል።»

ሳቀና መደቡ ላይ ተቀመጠ። የሚያብለጨልጭ ጫማውን እንዳይቆሽሽበት እግሩን ሰቀል አድርጎ ነው የሚቀመጠው። «የመጣሁት ለቁም ነገር ነው። ከገደሉ ሥር ያለውን ጠበል ታውቁታላችሁ።»

የማያውቀው የለም። ከአርማጭሆም ከመተማም ደዌ የጠናበት ሰው እዚያ ይሄዳል። ተጠምቆ ሲድን፣ ታሞ ሳለ በገላው ላይ የነበረውን ክታብ፣ ቀለበት፣ አምባርና ጉትቻ ያወልቅና ከጠበሉ በታች ካለው ኩሬ ይጥለዋል፤ ከዚያ ዞሮ ሳያይ ይሄዳል። ደዌው ከዕቃው ጋር እዚያው ቀረ ማለት ነው። ያነሣ ሰው ደዌውንም አነሣ ስለሚባል ማንም አይነካውም።

«ማንም አይነካውም ማለት» አለ ጌች፣ «ሁሉም እዚያው አለ ማለት ነው። ኩሬው አሁን ጎድሏል። ጎርፍ ሳይመጣ አንድ ቀን ብንገባ ይበቃል።»

«በሽታ ነው እዚያ ያለው» አለች ስርጉት።

«በሽታ በጂሃዝ አይጮኽም፣ ሙሽራዬ።»

«አንተ ሰውዬ አይቀፍህም?»

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰማሽም?»

ስርጉት ወደ ባሏ ዞረች። ምንይችል መሬት መሬቱን ያያል። «ስርጉት» አላት፣ «የዘሩን ሰሊጥ ያስበላሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሊጥል ነው፤ የምንዘራው የለንም። ጓንግ ቆርኪ እንጂ ምን ሰጠን? አንቺ ባትመጪ አልፈርድብሽም። እኔው ጎንበስ እላለሁ።»

ጎንበስ ቢል ቀና እንደማይል ታውቃለች። ገብታ ወንፊቱን አወጣች።

በማግስቱ ሦስቱም ወረዱ። የሚጠመቅ ሰው የማይመጣበት ቀን ነበር። ኩሬው ከገደሉ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ ውሃው እንደ ቆየ የዘይት ዝቃጭ ወፍሯል፤ ላዩን ቅጠልና የሞተ ተርብ ሸፍኖታል። ምንይችል ገብቶ ሰሃኑን ሲያጠልቅ ወዲያው ቆመ።

«እዚህ።»

አንድ እርምጃ ሄደ። «እዚህም።» ደግሞ ዞር ሲል፣ «ኧረ ሁሉም ቦታ ነው!»

ጌች ዳር ካለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ እጁን አፋተገ። «አላልኳችሁም?»

ስርጉት ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ጭቃው እግሯን ዋጠው። መጀመሪያ በእጇ የመጣው ክታብ ነበር፤ ቆዳው ውሃ ጠጥቶ እንደ አልቅት አብጧል፤ ጨበጥ ስታደርገው ከውስጡ ጥቁር ነገር ጣቶቿ መሐል ፈሰሰ። የጮኸው ቆዳው የተሰፋበት ሽቦ ነው። ቀጥሎ በቁራጭ ሽቦ የተቋጠረ የሰው ጠጉር። ከዚያ የዛገ የእግር ብረት፤ በውስጠኛው ጎኑ የተለጠፈውን ነገር ምን እንደሆነ ላለማወቅ ፊቷን አዞረች። ጌች ከድንጋዩ ላይ «ያን ተዪው፣ ብረት ነው፤ ቀጥዪ!» ይላል፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል።

«አፍንጫህ ከኔ እጅ ይከብራል?» አለችው።

«እኔ ሆዴ ስስ ነው፣ ሙሽራዬ።»

ፀሐይ ገደሉን አልፋ ስትመጣ ሽታው ተነሣ። ስርጉት በአፏ መተንፈስ ጀመረች፤ ከዚያ ሽታው ምላሷ ላይ የሚቀመጥ ስለመሰላት ያንንም ተወች። ምንይችል «እዚህ» ባለበት አንድ ድንጋይ ሥር እጇን ስትሰድ ጨርቅ ነካች። ሳበችው። በጨርቁ ውስጥ አንድ ጉትቻ ነበር፤ ከባድ፣ ቢጫ፣ ዝገት ያልነካው። በጆሮ ማስገቢያው ላይ ረጅም የሴት ጠጉር ተጠምጥሞበታል።

ጌች ከድንጋዩ ሊወድቅ ነበር። «ንከሺው! ንከሺው እስቲ!»

«ወስደህ ለአንጥረኛ አሳየው።»

«እስከዚያ ምን አውቃለሁ? ነሐስ ከሆነ አሁኑኑ እንሂድ፤ ወርቅ ከሆነ ግን ይህን ኩሬ ዛሬውኑ መገልበጥ ነው። ባልሽ ዘር ይፈልጋል አይደል? ንከሺ!»

ስርጉት ጀሪካኑን አዘንብላ ጉትቻውን አጠበች። ጠጉሩን ፈታች። እንደገና አጠበች። ወደ አፏ ስታስጠጋው የሻገተ ቅቤ ሸተታት፤ የሴት ጠጉር ቅቤ። የሆነች ሴት ይህን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጮኻለች፣ አልቅሳለች፣ ደዌው እያወራጫት እዚህ ደርሳለች፤ ሲተዋት ከጆሮዋ አውልቃ ጥላ ዞራ ሳታይ ሄዳለች። ስርጉት አፏን ከፈተች፤ ጥርሷ ግን አልገጥም አለ።

ቀና ብላ ጉትቻውን ወደ ድንጋዩ ዘረጋች። «እንካ ጌች። አንተ ንከሰው።»

«እኔ?»

«ጥርስ አለህ አይደል?»

ጌች አንድ እግሩን ወደ ኋላ ወሰደ። «ኧረ እባክሽ! የስንት እብድ ጆሮ ላይ የነበረ ነገር... ምን ያደርግልኛል አፌ ውስጥ?»

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ለሚገዛ ነዋ። ለሙሽራ። ሰኔ ሳይገባ የሚያገባ አይጠፋም።»

«ላንተ አፍ ያልሆነ ለሰው ልጅ ጆሮ ይሆናል?»

«ይታጠባላ! በሎሚ ይታሻል፣ ያበራል። ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል ሲል ፈገግ አለ። ስርጉት ጠዋት ከነካችው ሁሉ ይበልጥ ያ ፈገግታ ዘገነናት። አልጮኸችም፤ መጮኽ አታውቅም። ጣቶቿን ከፈት አደረገች፤ ጉትቻው ኩሬው ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴት!» ጌች ጮኸ። «ምንይችል፣ ፈልገው! ቶሎ በል!»

ምንይችል ሚስቱን አያት። ከዚያ ሰሃኑን እግሯ ሥር አሳለፈ። ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አውርዶት ስለነበር ጩኸቱ ለሦስቱም ተሰማ።

«እዚህ ነው» አለ።

ስርጉት ከኩሬው ወጥታ ዳሩ ላይ ቆመች።

«ሙሽራዬ፣ ግቢ እንጂ!»

«አልገባም።»

ምንይችል ዘንጉን ተደግፎ ወገቡን ሞከረ፤ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ፊቱ ተጨማደደ። «ጌች፣ ና አንተ ግባ፤ ያው እዚህች ላይ ናት። እጅህን ሰደድ ማድረግ ነው።»

ጌች ውሃውን አየ። የእግር ብረቱን አየ። ጫማውን አየ። ጂሃዙ ይጮኻል።

«ከተጸያፊ ሴት ጋር ወርቅ አይወጣም!» አለ በመጨረሻ፣ ከድንጋዩ ሳይወርድ።

ምንይችል ማጥፊያውን ተጫነ። ጸጥ ሲል ከገደሉ ላይ የሚወርደው ጠበል ተሰማ። «ጂሃዙን ውሰደው» አለው ጌችን። «ሌላ ሰው ቅጠርበት፣ ወይ ሽጠው። ለኔ የዘር ሰሊጥ ስጠኝ፤ እሱ ብቻ ይበቃኛል።»

ጌች ዓይኑ ጂሃዙ ላይ ቀረ። ትርፉ ገብቶታል። እጁን ሊዘረጋ ሲል ግን ከሰሃኑ ላይ የሚንጠባጠበውን ጥቁር ነገር አየና ሰበሰበው። «እሺ፣ ተስማማን። ዘሩን ነገ እልካለሁ። መጀመሪያ ግን ጂሃዙን በዚያ በንጹሑ ውሃ እጠቢልኝ፣ ሙሽራዬ።»

ስርጉት እጇንና ክንዷን እስከ ብብቷ በሳሙና አጠበች። አፏን ተጉመጠመጠች። የተረፈውን ውሃ በምንይችል እጅ ላይ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰችለት፤ የጀሪካኑን ክዳን ገጠመችና ዳገቱን ያዘች። ምንይችል ጂሃዙን እንደ ቆሸሸ ድንጋዩ ላይ ጌች እግር ሥር አጋድሞ፣ ወገቡን ይዞ ተከተላት።