የጋሽ ቢያድግልኝ ክፍል ቅዝቃዜ

ቦልቴ የተወለደው ዱቦ አካባቢ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው ታማ ለተኛች እናቱ ምሳ ይዞ ሆስፒታል ሄደ፤ አንዲት ነርስ ከክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቁራሽ በረዶ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበር። በረዶው እስኪያልቅ ድረስ መዳፉን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። ካደገ በኋላ ሶዶ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የማቀዝቀዣ ሥራ ሲማር፣ የመረጠበትን ምክንያት የጠየቀው ሁሉ ያገኘው መልስ ፈገግታ ብቻ ነው።

ኑሮው ሶዶ ሆነ። የሶዶ ሰው የቤት አየር የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አይፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ከተማውን ያለብሰዋል። ስለዚህ ቦልቴ ከብርዱ ከተማ ተነስቶ ወደ ቆላው እየወረደ ቅዝቃዜ የሚጠግን ሰው ነበር። በዝምተኛነቱ ይታወቃል። ማሽን ሲሠራ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ሚስቱ ማክዳ፣ ከእኔ ይልቅ ኮምፕረሰር ያዳምጣል እያለች ትቀልድበታለች።

በየካቲት መጨረሻ አንዲት ሴት ከቆላው ከተማ ከቤሌ ደወሉለት። መምህርት የትምወርቅ ይባላሉ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ጋሽ ቢያድግልኝ ግማሽ አካላቸው ሽባ ከሆነ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንደበታቸውም አብሮ ተዘግቷል። ሐኪሙ ሙቀት እንዳያገኛቸው ብሎ ስለነበር ልጃቸው እስራኤል ከሐዋሳ ኤሲ ልኮ አስገጥሟል። ኤሲው ግን ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሁለት ባለሙያዎች ተራ በተራ መጥተው ጋዝ ጨምረውበት ሄደዋል። አሁን እስራኤል በእጥፍ የሚበልጥ አዲስ ልግዛ ብሏል፤ መምህርት ግን አስቀድሞ አንድ ሌላ ባለሙያ ቢያየው ወደዱ።

ቦልቴ በማግስቱ የቤሌውን አውቶቡስ ያዘ። መንገዱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ እየወፈረ፣ እየረጠበ መጣ። በመስኮቱ የሚያየው ኮረብታ ሁሉ በወበቁ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለውበት፣ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ስንት ሰዓት እንደተጓዘ እንኳ ጠፍቶበት ነበር።

ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጠያቂ ይገባል፣ ጠያቂ ይወጣል። ጋሽ ቢያድግልኝ በግድግዳው ጥግ አልጋ ላይ ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ቀርቷል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል። መምህርት የትምወርቅ አጠገባቸው ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግቡላቸዋል።

ቦልቴ ሰላም ብሎ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረ። የኤሲው የውጪ ክፍል በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። ቦልቴ እጁን በክፍተቱ አስገባና ቶሎ መለሰው። ማሽኑ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ፣ በራሱ ትንፋሽ ታፍኖ ነበር። ወደ ቤት ተመልሶ የውስጡን ክፍል ሲከፍት ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፤ የውሃ መውረጃው ቱቦም ተዘግቷል። ግፊቱን ሲለካ ጋዙ ጎድሎ ሳይሆን ተርፎ አገኘው።

አዲስ ግዙ ቢላቸው ገዝቶ የሚገጥመውም፣ የሚያተርፈውም እሱ ራሱ ነበር። እሱ ግን መምህርትን ወደ ደጅ ጠራቸውና እንዲህ አላቸው፦

«እትዬ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። መተንፈሻ ነው ያጣው። ትልቁን ቢያመጡ ደግሞ እሱም እዚሁ ይታፈናል።»

«እንግዲያው ምን እናድርግ?»

«ቆርቆሮውን ላንሳና በብረት ፍርግርግ ልተካው። ከላዩ ትንሽ ዳስ ይሠራለት፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን። በሩም ይዘጋ።»

መምህርት የበሩ ነገር አስጨነቃቸው። ሕመምተኛ ያለበትን ቤት በር እንዴት ይዘጋሉ? ሰው ምን ይላል? ቦልቴ ጥቂት አሰበና ወፍራም መጋረጃ እንዲሰቅሉ፣ ጠያቂውም በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሁለት እየሆነ እንዲገባ መከራቸው። በዚህ ተስማሙ።

ሥራው ከሰዓቱን ሙሉ ወሰደ። ማጣሪያውን አጠበ፤ የውጪውን ክፍል ቀጫጭን ክንፎች በብሩሽና በውሃ አጸዳ፤ ትርፉን ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ መለሰ፤ ቱቦውን ከፈተ። ጎረቤታቸው ዳልጮ ብረትና ሣር ይዞ መጥቶ ፍርግርጉን በየደ፣ ዳሱን ሠራ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጋረጃው ተሰቀለ፤ ቦልቴም ማሽኑን አስነሳው።

በመጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ዝቅ ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቦልቴ እንደልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ቅዝቃዜው ቀስ እያለ ከጣሪያው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ አልጋው ሲወርድ ታወቀው። መምህርት ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ቢያድግልኝ ከጣሪያው ላይ ዓይናቸውን አነሱ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ልጅነታቸው በዳሞታ ግርጌ ነበር።

«ጭጋጉ ወረደ?» አሉ።

ድምፃቸው የደከመና የተንተባተበ ነው፤ ቃሉ ግን ግልጽ ነበር። መምህርት የባላቸውን ድምፅ ከሰሙ ዓመት ሆኗቸዋል። የባላቸውን እጅ ይዘው ግንባራቸውን ደፉበት። ቦልቴ ወደ በሽተኛው ጠጋ ብሎ፣ «አዎ ጋሼ፣ ወርዷል» አላቸው። ጋሽ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ብዙም ሳይቆይ የእንቅልፍ ትንፋሻቸው ተሰማ።

ከዚያ ወዲህ ቦልቴ ወደ ቤሌ በወረደ ቁጥር ያን ቤት ሳያይ አይመለስም። ማጣሪያውን ያጥባል፤ ከሽማግሌው ጎን ይቀመጣል። ሽማግሌው አንዳንድ ቀን ሁለት ሦስት ቃል ይናገራሉ፤ አንዳንድ ቀን ምንም። ዝምታው ለሁለቱም ይስማማቸው ነበር። መምህርት እንደነገሩት፣ ሽማግሌው የዚያን ዓመትና የሚቀጥለውን ዓመት የሙቀት ወራት አንድ ጊዜ እንኳ ሆስፒታል ሳይሄዱ አለፉ።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ መምህርት ደወሉ። ቦልቴ መሣሪያውን ለመያዝ እየተነሳ ምን እንደተበላሸ ጠየቃቸው። ማሽኑ ደኅና ነው አሉት። ጋሽ ቢያድግልኝ ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አርፈው ነበር።

ቦልቴ የጥገና ሱቁን ዘግቶ ማክዳን ይዞ ወረደ። ዝናብ ይዘንባል፤ የለቅሶው ድንኳን በሰው ተሞልቷል። ከበሩ አጠገብ ሰው መሐል ሊቀመጥ ሲል መምህርት የትምወርቅ ከሩቅ አዩት፤ ከተቀመጡበት ተነስተው መጥተው በእጁ ያዙት፤ ወደ ውስጥ ወስደውም ከእስራኤል ጎን፣ ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጡት። ማን እንደሆነ ለጠየቁት ዘመዶች፣ «የቤት ሰው ነው» ብለው ብቻ መለሱላቸው።