ጣውንቷ ደወል

የባቡር መሻገሪያዋ በረኛ አንድ ኩራት ብቻ ነበራት፤ ባቡር ከመታየቱ በፊት መምጣቱን ታውቃለች። መዳፏን ሐዲዱ ላይ ታሳርፍና "ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል" ትላለች። ከዚያ እጀታውን እየዘወረች ረጅሙን መዝጊያ መንገዱ ላይ ታወርዳለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ ነው። ሥራ ካቆመ ወዲህ የባቡር ፍቅር አድሮበታል። ከምሳ በኋላ የሚስቱ የጥበቃ ክፍል ደጃፍ ላይ በአሮጌ ወንበር ተቀምጦ ያለፈውን ባቡር ቁጥር፣ የፉርጎውን ብዛትና ሰዓቱን በደብተር ያሰፍራል። ሰፈሩ "መዝጋቢው" ይለዋል። "ስንት ቀረው?" ብሎ ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። ሰዓቱን ያይና "አንቺ እኮ አትዛነፊም" ይላታል። ከዚህ ሌላ የፍቅር ቃል ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ሌላ አልፈለገችም።

አንድ ቀን ሠራተኞች መጥተው ከክፍሏ ጎን ምሰሶ ተከሉ። ጫፉ ላይ ደወል፣ ከሥሩ ሁለት ቀይ መብራቶች። ባቡር ሲቃረብ ደወሉ በራሱ ይጮኻል፤ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። መዝጊያው ብቻ ለጊዜው በእሷ እጅ ቀረ።

መዝጋቢው ወንበሩን ወደ ምሰሶው አዞረ።

"ሰማሻት?" አላት በሦስተኛው ቀን። "ከጮኸች በኋላ ባቡሩ እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ። ትናንትም እንደዚሁ። አትዛነፍም።"

ቃሉ የእሷ ነበር። ያን ቀን "ስንት ቀረው?" አላላትም። በማግስቱም።

ውስጧ ነደደ። ሴት ብትሆን ኖሮ አፍንጫዋ ጎባጣ ነው ብላ ታማት ነበር፤ ብረትን ምን ብለው ያሙታል? "ጣውንቴ" እያለች ትጠራት ጀመር። ባሏ ቀልድ መሰለው።

ከወትሮው አብልጣ ልትቀድማት ቆረጠች። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አስቀድማ መዝጊያውን አወረደች፤ ባሏ ቀና አላለም። ስለዚህ ስምንት አደረገችው፤ በመጨረሻም መዳፏን ትታ በግምት አሥራ ሁለት።

"እትዬ፣ ባቡሩ ከቤቱ ሳይወጣ ነው እንዴ የምትዘጊብን?" አላት ዳቦ አመላላሹ።

"እየመጣ ነው።"

"እኔ ጡረታ ስወጣ ይደርስ ይሆናል።"

መዝጋቢው ሣቀ። "እሷን ተዋት። ደወሏ እስክትጮኽ ጎንበስ ብለህ እለፍ" አለው። ዳቦ አመላላሹ ብስክሌቱን አጋድሞ ከመዝጊያው ሥር ሾለከ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ መሹለክ ለመደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ባቡር በማይጠበቅበት ሰዓት፣ ሐዲዱን ብትነካው መዳፏ ውስጥ ነዘራት። ያልታሰበ የጭነት ባቡር ነበር። ቶሎ ብላ መዝጊያውን አወረደች። ደወሉ ግን ዝም አለ፤ መብራት ጠፍቷል። ባሏ ደግሞ ምሰሶውን ከማዶ ፊት ለፊት ሊያይ፣ ወንበሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከመዝጊያው ሥር አለፈ።

"አንተ ሰውዬ፣ ተመለስ፣ መጥቷል።"

"ደወሏ ገና ናት" አለ ሳይዞር።

እንዴት እንደደረሰችበት አታውቅም። ኮሌታውን ጨምድዳ ወደ ኋላ ጎተተችው። ወንበሩ ሐዲዱ ላይ ቀረ፤ ባቡሩ ብትንትኑን አወጣው።

ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ቀሩ። በረኛዋ ቀና ብላ የጠፉትን መብራቶች አየች። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው። ወደ ባሏ የዞረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዲዱ ላይ የወጣው ደወሏን አምኖ ብቻ አልነበረም፤ እሷን ማመን ትቶ ነው። ማን እንዳስተወው ደግሞ ታውቃለች።

በማግስቱ መብራቱ ተመልሷል። ባሏ የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"ስንት ቀረው?" አላት።

"ጣውንቴን ጠይቃት።"

"ጣውንትሽ ትናንት ተኝታ ነበር።"

አልሣቀችም። መዳፏን ሐዲዱ ላይ አሳረፈች። "ገና ነው" አለች፤ መዝጊያውንም ሳትነካ ጠበቀች። ጋሪዎች አለፉ፤ መኪኖች አለፉ። ሐዲዱ ሲነግራት "ሦስት ደቂቃ" ብላ አወረደች። ዳቦ አመላላሹ ለመሹለክ ጎንበስ ካለ በኋላ ፊቷን አይቶ ቀና አለ። ባሏ ሰዓቱን ጻፈ።

ትንሽ ቆይቶ ደወሉ ጮኸ። የባሏ አንገት ሳያስበው ወደ ምሰሶው ዞረ። በረኛዋ እጀታውን ጨብጣ ያንን አንገት ትመለከት ነበር።