የዳሪሙ በርጩማ

በጃንሆይ ዘመን ለዩኒቨርሲቲው ሙዚየም የጥንት ዕቃ ሰብስብ ተብዬ ኢሉባቦር ውስጥ ከመቱ ዳሪሙ በእግሬ ሄድኩ። አንዲት እትዬ ቤት ከቅድመ አያት የወረደ፣ ጥቀርሻና ወዝ ያጠቆረው በርጩማ አየሁና ለመንኳቸው።

«ሞፋ?» አሉ በኦሮምኛ፤ «አሮጌ ነገር ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

በማግስቱ ባለቤታቸው በርጩማውን ፍቀው ፍቀው፣ ዛሬ የተጠረበ አስመስለው አስረከቡኝ። እርር ድብን ብዬ እጅ ነስቼ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ ስመለስ ባሕር ማዶ የተማረው አለቃዬ፣ «ይሄንንማ ከመርካቶ ነው የገዛኸው» አለኝ። በንዴት ቢሮዬ ወስጄ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀመጥኩበት፤ ጡረታ ስወጣም እዚያው ጥዬው ሄድኩ።

ባለፈው ሙዚየሙን ልጎበኝ ብገባ፣ ወጣቶቹ ሠራተኞች በርጩማውን መስታወት ውስጥ አስቀምጠውታል። አስጎብኚዋ ጥቁረቱን እያሳየች፣ «የጥንት ኢሉባቦሮች ወዝ ነው» ትላለች።

የማን መቀመጫ ወዝ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።