የሚያንኳኳው ዲስክ

ባሌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካቻቪቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሕመሙን ያዳምጣል። ሰፈሩ «ሐኪሙ» የሚለው ለዚህ ነው።

ደንበኛ «ኤስኤስዲ ይሻለኛል ወይስ ሃርድ ዲስክ?» ካለው መልሱ አንድ ነው። «ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ ሲሞት ግን ትንፍሽ ሳይል ነው። ሃርድ ዲስክ ቢንቀረፈፍም ከመሞቱ በፊት ያንኳኳል። ሁለቱን የቀላቀለው ደግሞ የሁለቱንም ጣጣ ይዞ ይመጣል።»

ልጃችን ስትሞት የቀረንን ድምጿንና ፎቶዋን ሃርድ ዲስክ ላይ አኖረው። «ሌላም ቦታ ገልብጠው» ብዬ ነበር። «ሲታመም እሰማዋለሁ» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ባለፈው ወር ዲስኩ ካለበት ከጠረጴዛው ሥር ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀመረ። እሱ አጠገቡ ተቀምጦ የሰው ኮምፒውተር ይፈታል፤ ቀና እንኳን አላለም። እሱ ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ። በሰው ሙያ ምን ጥልቅ አደረገኝ?

ዛሬ ጠዋት ድምጿን ልስማ ብሎ ቢከፍተው አልከፈት አለው። ዲስኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ኤሌክትሪክ ሰጠው። ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። እዚህ ድረስ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማኛል።

ባሌ ዐይኑን ገለጠና «ምንም አይልም» አለኝ።