መቶ ዓመት የዘገየ ለቅሶ

ሰኞ፣ ከቤቴ ከኖርክሮስ

አላስካ የሄድኩት ለቅሶ ለመድረስ ነው። ቅርብ ከተማ ብሩክሄቨን ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸው ሚስተር ዋልተር ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ የአያታቸውን ማስታወሻ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አያትየው ከመቶ ዓመት በፊት የአርክቲክን በረዶ በእግር ካቋረጡት አንዱ ነበሩ። ስንቃቸው ሲያልቅ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱላቸውን ውሾች በየተራ አርደው በሉ፤ ቀጥሎ የጫማ ቆዳ ቀቀሉ። አንዱን ገጽ ግን ሁለቴ አነበብኩት። መንገድ መሪያቸው፣ የአገሩ ተወላጅ፣ እግሩ በብርድ ደንዝዞ መራመድ ሲያቅተው፣ እየተነፈሰ ድንኳን ውስጥ ትተውት ሄዱ።

ቤተሰቡን ማን ለቅሶ እንደደረሰ ጠየቅኳቸው። ማንም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሳይደርስ የከረመ ሰው መንገድ ላይ ይደበቃል። የሰውዬው መንደር ማስታወሻው ላይ ስለተጻፈ እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው፤ ቲኬቱን ቆረጡልኝና አንድ ነገር ለመኑኝ፦ «ሲለዩት ሞቶ ነበር በያቸው።»

ኤርፖርት ያደረሰችኝ የቤተክርስቲያን ጓደኛዬ ሰናይት ናት። «ሲሪየስሊ? ለማታውቂው ሰው ቬኬሽንሽን ልታቃጥይ?» አለችኝ። ሻንጣዬን አወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ዛፍ የሌለበት አገር

ሦስተኛው አውሮፕላን ስምንት ወንበር ብቻ ነበረው። ፓይለቱ ኪሎዬን በሰው ፊት ጠየቀኝ፤ አምስት ቀነስኩለት።

መንደሩ አንድ ሱቅ አለው፣ ዳቦ አሥራ አንድ ዶላር። ሆቴል ስለሌለ ትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ ዘረጉልኝ። በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ሜዳ ብቻ ነው፤ ስልኬም አይሠራም። ማሞቂያ እየሠራ፣ ሦስት ካልሲ ደርቤ፣ ፈራሁ። ያ ሰውዬ በቀጭን ሸራ ሥር ስንት ቀን ቆይቶ ይሆን? በሕይወቴ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ሳራ ቤት

የመንደሩ ሰዎች የጠቆሙኝ የመንገድ መሪው የልጅ ልጅ ሳራ ሰማንያ ዘልቀዋል። ጥቁር ሻሽ አስሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ማን ሞተ አሉኝ፤ አያትዎ አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ማስታወሻው ላይ ያነበብኩትን፣ ድንኳን ውስጥ ትተዋቸው እንደሄዱ ነገርኳቸው። ነጮቹ ሲመለሱ ስንቃችንን ሰርቆ ጠፋ ብለው አውርተው ነበር፤ የሳራ አባት የሌባ ልጅ እየተባሉ ነው ያደጉት። ይህን ነግረውኝ እጄን ያዙኝ።

«ሲሄዱ ሞቶ ነበር?»

የሚስተር ዋልተር ልመና ትዝ አለኝ። ሴትየዋ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«አልሞቱም ነበር። ይተነፍሱ ነበር» አልኩ።

«አባቴ፣ አባቱ ሌባ እንዳልነበረ ሳይሰማ ሞተ» አሉኝ ሳራ። ከዚያ የዓሣ ሾርባ አቀረቡልኝ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየገባ አጠገባችን ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ልክ እንደኛው ለቅሶ ቤት።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ብሩክሄቨን

ሚስተር ዋልተር ገና ኮቴን ሳላወልቅ ምን እንዳልኳቸው ጠየቁኝ። እውነቱን አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ምሳም አልበሉ። ሥራዬን ማጣት አስፈርቶኛል፣ እሳቸውን ማጣት ግን የበለጠ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ለቅሶ ቀን እንደማያልፍበት ነው፤ ደግሞ የሚያጽናናው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳራ ጋ እንድደውልላቸው ጠየቁኝ። ሲነሳ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የነገረችዎት ልክ ነው» አሉ። «በሕይወት ነበር። ጥሎት የሄደው አያቴ ነው።»