ስለ ልጄ የጠየቀው እንግዳ

ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። ሁዳዴ ተጋምሶ፣ የበልጉ ዝናብ ዛሬ ነገ ሲባል የቀረበት ሰሞን። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ከገጠር ጥቂት ልጆች መርጦ፣ ማደሪያና ምግብ ችሎ እንደሚያስተምር የነገራት የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበሉት አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርሱ ነው። «ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ ጥሩ ውጤት ያለው ግን ብዙ ነው» አላት። ከክፍል ውጭ ምን ትሠሪያለሽ፣ ለሰፈርሽ ምን አደረግሽ ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ራሷ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለባት። ከዚያም ሰው ልከው የሚያውቋትን ያነጋግራሉ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመባቸው ጊዜያት የሰፈራችን ልጆች ፊደል ሳይዙ ቁመት ጨምረዋል። እሷም ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢያችን ውስጥ ትሰበስባቸው ጀመር። የቆርቆሮ በራችን ሰሌዳ ሆነ። እኔ ከጎን ጧፍ እሠራለሁ፤ ጧፍ ለተሳላሚ መሸጥ ነው መተዳደሪያችን። ጎረቤቴም ምስሯን በሰፌድ ይዛ ትመጣና እዚያው ተቀምጣ ትለቅማለች።

አንድ ቀን ልጄን ጠየቅኋት። «ይህን የምታደርጊው ለጽድቅ ነው ወይስ ለማመልከቻው?»

«ለሁለቱም ቢሆን እግዚአብሔር ይቀየማል፣ እማ?»

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጆቹ እያነበቡ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያ ተያት» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ኩልመስክ ያለው የባለቤቴ ወንድም ሽማግሌ ላከብኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የእሱን ድርሻ መሬት አርሶ እህል የሚያካፍለን እሱ ነው። ለአንድ ዘመዱ ልጅ ልጄን ፈልጎ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ቆመው ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነውና። እኔም አስቀምጬ፣ ዳቦና ተልባ አቅርቤ፣ «ጾም ነው አባቶቼ፤ ከፋሲካ በኋላ ኑ» አልኳቸው። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። እነሱ መርቀውኝ ሄዱ። ያ ምርቃት ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ለጎረቤቴ ብቻ አወራኋት። «እምቢ ብዬ ልመልሳቸው አልቻልኩም፤ እህሉን አሰብኩ። ልጄን ግን አልድርም» አልኳት። እሷም ደረቷን ደልቃ፣ «ከእንግዲህ ስለሷ የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ አለሁ» አለች። የቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። ፈትሉን በሰም ውስጥ እያሳለፍኩ ሳለሁ ጎረቤቴ ከገበያ ስትሮጥ መጣች። ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እታለም፣ መለስኩልሽ!»

«ማንን?»

«አንዱን ነዋ! ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያዘኝና ‹የዚያች ልጅ ጎረቤት ነሽ አሉኝ፤ ስለ ጠባይዋ ልጠይቅሽ› አይለኝም? ከየት ነህ ስለው ከአዲስ አበባ። ደግሞ ከአዲስ አበባ ይላካል እንዴ አሁን?»

«ከዚያስ?»

«ታጭታለች አልኩታ! ከፋሲካ በኋላ ሰርጓ ነው፣ የመጣህበትን እግር ይዘህ ተመለስ አልኩት። ‹ትምህርቷስ?› ሲለኝ፣ ልቧ ከትምህርቱ የለም፣ ቤተሰቧም ለመዳር ቸኩሏል አልኩት። ለባለ ወፍጮዋም እንደኔ መልሺ ብዬ ጠቀስኳት። እሷማ ጨምራ፣ ጥሎሹም ገብቷል አለችው!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ከልቤ ነበር። የሰው ልጅ ያዘነለትን ሰው እንዲህ ይጠብቀዋል ብዬ አመሰገንኩ።

ጧፉን ሰቅዬ ሳልጨርስ ልጄ ስልኳን በእጇ እንደያዘች ገባች። ፊቷ በርቷል። «እማ፣ አስተማሪዬ ደወለ! ከኮሌጁ የተላከው ሰው ዛሬ ከተማ ውስጥ ነው። ሳይናገር እየዞረ ጎረቤት ነው የሚጠይቀው አለኝ። ወደ እናንተ መጣ?»

ጎረቤቴ ዘንቢሏን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጫማው... ምን ዓይነት ነው አለሽ?» አለች።

ልጄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። ነገርናት። አላለቀሰችም። በሩ ላይ በጠመኔ የቀረውን «ሀ ሁ» እያየች ቆመች። ዓመት ሙሉ በመብራት መጥፋት መሐል ያጠናችው፣ ድርሰቷን እየቀደደች እንደገና የጻፈችው፣ ሁሉም በአንድ የወፍጮ ቤት ደጃፍ ወሬ ሊያልቅ ነው።

«ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው?» አልኳት።

«ነገ በማለዳ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ሁለቱም ተከተሉኝ። አስተማሪዋ በስልክ የነገራት ማረፊያ ቤት ከላይኛው መንገድ ላይ ነው። ስንወጣ ጎረቤቴ ከኋላችን እያለከለከች፣ «ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ ምነው ዱዳ ባደረገኝ» ትላለች። ልጄ ቆም ብላ ጠበቀቻት እንጂ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ሰውየው ከምግብ ቤቱ ጥግ ሽሮ እየበላ ነበር። ወጣት ነው። ተነሥቶ እጅ ነሣን። ልጄን ሲያይ ማን እንደሆነች ገባውና ፊቱ ተዘጋ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ግን ደክመው ባይመጡ ጥሩ ነበር። ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። ልትዳር ነው። ለምትዳር ልጅ ቦታ ከያዝን ሌላዋን መከልከላችን ነው።»

ጎረቤቴ ወደ ፊት ወጣች። «ውሸት ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁህ! የሚያጭ መስለኸኝ ነው። ጊዮርጊስን...»

«አትማዪ!» አልኳት። «ጠዋት ዋሽተሻል፤ አሁን መሐላ አትጨምሪበት።»

አንገቷን ደፋች። ሰውየው ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ወዲያው ኮስተር አለ።

«እሺ፣ ይሁን። ልጅቷ በማመልከቻዋ ላይ ማንበብ አስተምራለሁ ብላለች። ይህን ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። አንቺም አልነገርሽኝም። ግድግዳ ለግድግዳ ነሽ፤ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?»

ልጄ በዝግታ፣ «አይታለች። እንዳትናገሪ ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ምን እንዳትናገር እንደተባለች አልገባኝም ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች። ልጆች ወልዳ የዳረች ሴት ናት።

«ምን ታያለህ?» አለችው በመጨረሻ። «ይሄን ግድግዳ ላይ ያለውን ላንብብልህ?»

የምግብ ዝርዝሩን ነው። ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ጀመረች። «ሽ... ሮ። ሽሮ። ተ... ጋ... ቢ... ኖ። ተጋቢኖ። በ... ያ... ይ...» ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። «በያይነቱ! ጥ... ብ...» ቆመች። «ይሄ በጾም አይነበብም።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን ያዘች። «ይቺ ናት ያነበበችው? ስልኳን እኮ እስካለፈው ዓመት እኔ ነበርኩ የምደውልላት!»

ምስሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሁሉ ማክሰኞና ሐሙስ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል የምትለቅመው ምስር። ምስሩ ሁልጊዜ ድንጋይ አይጠፋውም ነበር።

ሰውየው ለጎረቤቴ የራሱን ወንበር ሰጣት። ልጄንም አስቀምጦ በእንግሊዝኛ አነጋገራት። የሚሉት አልገባኝም፤ የልጄ ድምፅ መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ፣ በኋላ ግን ሲረጋ ሰማሁ። በልቤ ተመስገን አልኩ። ያለቀ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

ልጄ አየችኝ። ‹እምቢ አልኩ› ብል ሰውየው አያውቅብኝም ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ ኑ አልኳቸው።»

የሽሮውን ሳህን ገፋ አደረገ። «እንግዲያ ጎረቤትዎ የነገረችኝ ሁሉም ሐሰት አይደለም።»

«ልጄን አልድርም።»

«አምንዎታለሁ። ሽማግሌዎቹስ ያምናሉ? ባለፈው ዓመት ተቀብለናት፣ በዕረፍት ወደ አገሯ ሄዳ ሳትመለስ የቀረች ልጅ አለች። እናቷም አልድርም ብላኝ ነበር።» ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። «እኔ አልወስንም። ያየሁትንና የሰማሁትን ሰኞ ጽፌ እሰጣለሁ። እስከዚያ የቆረጡትን በአስተማሪዋ በኩል ቢያሳውቁኝ እሱንም እጽፈዋለሁ። ካላሳወቁኝ፣ ከፋሲካ በኋላ የተባለውን ነው የምጽፈው።»

ስንመለስ ጎረቤቴ ቀድማን ሄደች። ልጄ ክንዴን ይዛ፣ «አጎቴ እኮ እርሻውን ይተወዋል፣ እማ» አለች።

«ያውቃል እሱ።»

«ማን፣ አጎቴ?»

«እግዚአብሔር።»

ለሽማግሌ መልስ የሚሰጠው ሲመለሱ፣ በቤትህ አስቀምጠህ ነው። ሴት ብቻዋን ከሰው ደጅ ሄዳ ስትመልስ አላየሁም። ቢሆንም ማታ ጸሎቴን አድርሼ ሌላ መንገድ አጣሁ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ሰፈሬ ሳላስቀድስ የማለዳውን ሚኒባስ ይዤ ኩልመስክ ወረድኩ። ስደርስ ቅዳሴው ወጥቶ ሽማግሌዎቹ በሰንበቴው ቤት ተቀምጠዋል፤ የባለቤቴም ወንድም አብሯቸው ነው። ጉልበት ስሜ ቆምኩ። ተቀመጪ አሉኝ፤ እስክናገር አልቀመጥም አልኩ።

«ጾሙ መቼ ተፈታና ነው?» አሉኝ ትልቁ።

«አባቴ፣ ቃሌ በፋሲካም አይለወጥም። ልጄ ትማራለች። ለሰው አልሰጣትም። እናንተን ደጅ ማስጠናት ነውር ስለሆነብኝ መጣሁ።»

የባለቤቴ ወንድም የዝንብ ጭራውን እያወዛወዘ፣ «እርሻውስ?» አለ።

«እርሻው እጅህ ላይ ነው። እንደ ወንድምነትህ አድርግ።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ መሬት አይተው ቆዩና፣ «ፊት ለፊት ነግራናለች፤ አላዋረደችንም» አሉ። የባለቤቴ ወንድም ግን ተነሥቶ ወጣ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ተቀብዬ ተሳለምኩና ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ። ስልኩ መሥመር የያዘልኝ ከፍ ካለው ዳገት ላይ ስደርስ ነው። ለአስተማሪዋ ደወልኩ፤ «እናቷ ሽማግሌዎቹን እምቢ ብላ ቆርጣለች ብለህ ለሰውየው ንገርልኝ» አልኩት።